የባጫ ድንኳን

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስም አይደለም፣ ሼኽም አይደለም። የሻረግ ናት። ለምን ቢሉ፣ እንደ እሷ ዕቃ ማውጣት የሚያውቅ የለማ! የሰፈሩ ቤት ሁሉ ጠባብ ነው። ለቀስተኛ መቀመጫ እንዲያገኝ አልጋው፣ ቡፌው፣ ሶፋው ወደ ደጅ ይወጣና ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል። የሻረግ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትገባለች፣ የትኛው ዕቃ በየት በኩል ዞሮ እንደሚወጣ በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ሐዘንተኛዋ ልነሳ፣ ላግዝ ስትል ደግሞ ትከሻዋን ይዛ «አንቺ ተቀመጪ» ትላታለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ እንዲህ ስትል ኖራለች።

እንጀራዋ ግን ስፌት ነው። በእግር የምትዘወር ጥቁር የስፌት መኪና አለቻት፤ ከቤቱ የውስጠኛ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል። በነሐሴ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሌላውን ጊዜ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ባሏ ባጫ ከአምቦ ወዲያ ካለ ገጠር በጉርምስናው መጥቶ ግድግዳ መለሰን የተማረ ሰው ነው። ሰንጋ ተራ ላይ ከቆሙት ፎቆች የስንቱን ግድግዳ በእጁ እንዳለሰለሰ እሱ ራሱ አያውቀውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ቆሞ በጣቱ ያሳያታል፤ ያቺ አምስተኛዋ መስኮት፣ ከሷ ቀጥሎ ያለችው፣ ዙሪያቸውን የሠራሁት እኔ ነኝ ይላታል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን አንድም ቀን ገብቶ አይቷቸው አያውቅም።

በጥር ከመወጣጫው እንጨት ላይ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ያሠራው የነበረው ሰውዬ አንድ ሳምንት መድኃኒት ገዛ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ እንጃለት። ጆሮ ጌጧ ተሸጦ ሄደ፤ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ሰኔ ላይ ለበዓል ብቻ የሚለበሰው አዲሱ ጋቢም ሄደ። የሻረግ ይህን ሁሉ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ኩራት ነው ካላችሁ፣ አዎ፣ ኩራት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያጽናና ሰው፣ አጽናኑኝ ማለት እንዴት ይሆንለታል?

ጠዋት ጠዋት በነጅማ ሱቅ በኩል ታልፋለች። ነጅማ ጎረቤቷም ጓደኛዋም ናት። ዳቦ ከምትደረድርበት ሳጥን ላይ ቀና ብላ እንዴት አደራችሁ፣ ባጫስ እንዴት ነው ትላታለች። «ተመስገን፣ ደህና ነን» ትላለች የሻረግ። ከዚያ ባዶ ፌስታሏን በመዳፏ አጣጥፋ፣ ዳቦ ከሌላ ቦታ እንደምትገዛ ሰው ሆና ታልፋለች። ስድስት ወር ሙሉ!

የሰፈሩ እድር አለ እንዳይባል፣ ዳኛው ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና ደንብ ማለት ለእሳቸው ሁለተኛ ሃይማኖት ነው። አምና አንድ ጎረቤት ታሞ እድሩን እርዳታ ቢጠይቅ፣ ደንባችን ለሞት እንጂ ለሕመም አይልም ብለው መለሱት። የሻረግ ያን ቀን እዚያው ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ ለመጠየቅም አላሰበችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባጫ በቁሙ ከሚሰቃይ… ብላ አሰበችና ሳትጨርሰው አፏን በእጇ ያዘች። ያን ሐሳብ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም።

ዋጋ የሚያወጣ የቀራት ነገር መኪናዋ ብቻ ነበረች። ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰላሃዲን የሚባል ሰው መጥቶ አያት፣ ቀብድ ሰጣት፣ ቀብዱ በዚያው ቀን መድኃኒት ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ሰው ሳይነሳ፣ ገና ሲነጋጋ እንዲመጣ። መኪናዋ ከሄደች የነሐሴ ዩኒፎርም እንደሌለ፣ ዩኒፎርም ከሌለ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ምንም እንደሌለ ታውቃለች። ቢሆንም ሰው እንዳያይ ነበር የጨነቃት። ወይ ሰው መሆን!

የሐምሌ ጉም ያን ጠዋት ሰፈሩን ውጦት ነበር። የሰንጋ ተራ ፎቆች ጭራሽ የሉም፤ ከነጅማ ሱቅ ወዲያ ዓለም ያለቀ ይመስላል። ሰላሃዲን ሁለት ተሸካሚዎችና አንድ ጋሪ ይዞ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። መኪናዋን ለማውጣት ግን መንገዱን የዘጋው ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ መውጣት ነበረበት። ባጫን በፍራሹ መሬት ላይ አስተኙት። የሕመም ማስታገሻው አደንዝዞታል፤ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ማለቂያ የሌለው ነጭ ግድግዳ እየለሰንኩ ነው አላት። ጎበዝ፣ በርታ አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሕልም ነው የምታስታውሰው። እጆቿ ያለ እሷ ይሠሩ ነበር። አልጋው በጎን፣ ሶፋው በጀርባው፣ ቡፌው መጨረሻ። የራሷን ቤት ሳይሆን የሌላ ሰው ቤት የምታወጣ መሰላት። ደጅ ላይም በልማዷ ደረደረችው፤ ዕቃውን ወደ አጥሩ ጠጋ፣ መሐሉን ለድንኳን ክፍት። መኪናዋ በመጨረሻ ስትወጣ እንባዋ መጣና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። መኪናዋ ጋሪው ላይ ስትወጣ አብራት የወጣች ያህል ነበር የተሰማት።

በዚህ ሰዓት ነጅማ ሱቋን ልትከፍት ወጣች። በጉሙ ውስጥ ምን አየች? አልጋው ደጅ፣ ፍራሹ መሬት፣ የማታውቃቸው ወንዶች ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ የሻረግ በነጠላዋ ስታለቅስ። እንኳን ነጅማ፣ ያን ያየ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ጠጋ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ቁልፏን እንደያዘች ወደ እድሩ ጥሩምባ ነፊ ወደ በሱፍቃድ ቤት ሮጠች።

ጥሩምባው ሲነፋ የሻረግ ቀና አለች። ማን ይሆን የሞተው? እንባዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዕቃ ልታወጣ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ያኔ ነው የበሱፍቃድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ የመጣው፤ የእድራችን አባል አቶ ባጫ ስላረፉ ይላል። እውነት መሰላት! እሷ ደጅ ስትደረድር እሱ ውስጥ ብቻውን የሞተ መሰላት። እየተንደረደረች ገባች።

ባጫ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን ያያል።

«የሻረግ፣ ማን ሞተ?» አላት።

«አንተ ነህ አሉ።»

ጥቂት አሰበበት። «እኔ ሳልሰማ?» አለ።

ወዲያው ለቀስተኛው ደረሰ። ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ አንዳንዱ የሌሊት ልብሱ ላይ ኮት ጥሎ እያለቀሰ ይመጣል። ነጅማ ሁሉንም ቀድማ ገብታ ፍራሹ ጎን ወደቀች። ባጫዬ፣ ወንድሜ፣ ደጄን በነፃ የለሰንክልኝ እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ባጫ እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «አይዞሽ ነጅማ» አላት።

የዚያን ጊዜው ጩኸት የመጀመሪያውን ያስንቃል። ከዚያ ከወደ በሩ አንዷ በሳቅ ፈረሰችና ሁሉም ተከተላት፤ እያለቀሱ ሳቁ።

ደጅ ያሉት ግን ይህን ሳያውቁ ድንኳኑን ተክለው ጨርሰዋል። ሰላሃዲን ደግሞ ጥሩምባውን ሲሰማ ተሸካሚዎቹን ከለቅሶ ቤት ዕቃ አይወጣም ብሎ አቁሟቸው፣ አገጩን በእጁ ይዞ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጧል። ጋሽ ሀብተ ማርያም ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው መጥተው የሟች ወገን መሰላቸውና እግዜር ያጽናችሁ አሉት። እሱም ዋሽቶ አያውቅምና እኔ ወገን አይደለሁም፣ መኪናዋን የገዛሁ ነጋዴ ነኝ ብሎ ነገሩን ከሥሩ አወጣው።

ሁሉም ጋሪው ላይ ያለችውን መኪና አየ። የሻረግ በሩ ላይ ቆማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ስድስት ወር የሸፈነችው ገመና በአንድ ጠዋት ደጅ ላይ ተሰጣ። ነጅማ ከውስጥ ወጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ተቆጥታለች።

«እናቴ ስትሞት ዕቃዬን ስታወጪ ለምኜሽ ነበር? ሳትጠሪ አይደል የመጣሽው? እኛ እንድንመጣ ባጫ መሞት ነበረበት?»

ይህን ጊዜ ባጫ አለመሞቱ ደጅ ላሉትም ተሰማ።

ሰዉ ወደ ዳኛው ዞረ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ድንኳኑ ሥር ተቀምጠው የእድሩን ደንብ ከፊት እስከ ኋላ ገለጡት፣ ከኋላ ወደ ፊትም መለሱት። አይልም፤ ለሕመም አይልም አሉ። ማጉረምረም ተጀመረ። በዚህ መሐል ጉሙ ወደ ዝናብ ተለወጠና ድንኳኑ ማፍሰስ ጀመረ፤ ያውም በትክክል ራሰ በራቸው ላይ። አንድ ጠብታ ደንቡ ላይ ወርዶ ቀለሙን አጠፋው። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንኳኑ ይለወጥ ሲባሉ ቆይ፣ ይደረስበታል እያሉ ያዘገዩት እሳቸው ነበሩ። ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ጋሪው አዩ፣ ራሳቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ደንቡ ድንኳን ሰፊ መቅጠርን ይከለክላል?» ብለው ጠየቁ። ራሳቸው መለሱ። «አይከለክልም። የሻረግ፣ አዲስ ድንኳን ትሰፊያለሽ። የእጅሽ ዋጋ ግማሽ ዛሬውኑ ይከፈልሽና የሰውየውን ቀብድ መልሺ።»

ሰላሃዲን ተሸካሚዎቹን ጠቀሳቸው፤ መኪናዋ ከጋሪው ወረደች። ቀሪውን ዕቃ ለመመለስ የሻረግ ነጠላዋን አጥብቃ ስትጎነበስ ነጅማ ትከሻዋን ያዘቻት። «አንቺ ተቀመጪ» አለቻት። የሻረግ ፍራሹ ላይ፣ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። አልጋዋ በሰው እጅ ሲገባ እያየች እንደ ልጅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደስታ ነው እንዳይባል አፍራለች፣ ሐዘን ነው እንዳይባል ደረቷ ቀሎላታል።

የተተከለ ድንኳን ሰልስቱ ሳይወጣ አይነሳም ተባለና ሦስት ቀን ቆመ። ሦስት ቀን ምግብ በየተራ እየመጣ ባጫ የራሱን ለቅሶ በላ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል ጋሽ ሀብተ ማርያምን አስጠርቶ፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣስ እንዴት ነው፣ ደግማችሁ ትመጣላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳይስቁ፣ ደንቡ ለአንድ ሰው ሁለት ድንኳን ስለማይፈቅድ እንደምንም ብሎ እንዳይሞት አሳሰቡት።

ኑሮ በዚህ ተቃና ብል ግን መዋሸት ይሆንብኛል። ባጫ በምርኩዝ ከበር እስከ አልጋ ይደርሳል እንጂ መወጣጫ ላይ ዳግም አይወጣም። የሻረግ ወፍራሙን ሸራ ከመኪናዋ ሥር እየገፋች ስትሰፋ ትውላለች፤ ሸራው ቤቱን ሞልቶ እስከ ባጫ አልጋ ይደርስና እሱ ጫፉን ይዞላት ያንቀላፋል። የመጀመሪያው ክፍያ አልቆ ሁለተኛው ሳይደርስ ነሐሴ ገባ፤ ዩኒፎርም አሰፊው ደግሞ ገና አልመጣም።

ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ ጠዋት በነጅማ ሱቅ በኩል ስታልፍ ነጅማ እንደ ወትሮዋ ቀና ብላ እንዴት አደራችሁ አለቻት። «ተመስ…» ብላ ጀምራ የሻረግ ቆመች። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየች። ከዚያ ወደ ሱቁ ተጠጋች።

«ዛሬ ዳቦ የለንም» አለች። «መግዣም የለኝም።»

ነጅማ አልደነገጠችም፣ አላዘነችላትም። «ስንት ልስጥሽ?» አለቻት፣ ሳጥኑን እየከፈተች።

«አራት» አለች የሻረግ፤ በመዳፏ አጣጥፋ የያዘችውን ፌስታልም ዘርግታ ያዘችላት።