የእህቴ የሠርግ ካሴት

ካዛንቺስን የለቀቅሁት አመሻሽ ላይ፣ ዝናብ ሲያካፋ ነው። አባዬ ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ድረስ አልሰጥም አለ። ተው አባዬ ስለው፣ «አንተ ናይሮቢ ገብተህ ትሸከማለህ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። እማዬ መሸኘት ስለማትችል በር ላይ ቀረች።

አገር ቤት እያለሁ የሠርግ ካሜራማን ነበርኩ፤ ናይሮቢም ሥራዬ ያው ነው። ምግቡ ግን! ኡጋሊ የሚሉት አለ፤ ቅቤና በርበሬ የተከለከለ ገንፎ በሉት። ብርዱ እንኳ ይሻላል፣ የሐምሌን አዲስ አበባ ያስታውሳል። አከራዬ ማማ ዋንጂሩ ደግሞ ኮምፒዩተሬን ጠምዳ ይዛዋለች።

«መብራቱን የሚበላው እሱ ነው» ትለኛለች።

«ማማ፣ እኔ ሥራ ስውል እኮ ጠፍቶ ነው የሚውለው።»

«ጠፍቶ እንዲህ ከበላ፣ ሲበራማ ምን ሊውጥ ነው!»

ባለፈው እህቴ ሠናይት አገባች። ወረቀቴ ገና ስለሆነ መሄድ አልቻልኩም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ወንድሜን ዳዊትን «ትቼልህ በመጣሁት ካሜራ ቅረጽና ካሴቱን ላክልኝ፣ ቅንብሩን እኔ እሠራዋለሁ» አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አባዬን ለማየት ጓጉቼ ነው። በደወልኩ ቁጥር አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ እግሩን አሞት ጸበል ሄዷል ይሉኛል። ድምፁ በጣም ናፍቆኛል።

ካሴቱ በመንገደኛ መጣ። አብሮኝ የሚኖረው ሙስጠፋ፣ ኢስሊ ሰፈር ልብስ የሚነግደው የቡታጅራ ልጅ፣ ሱቁን ዘግቶ ሊያይ መጣ። እዚህ የምሠራበትን ካሜራ ከኮምፒዩተሩ ጋር በኬብል አገናኝቼ ካፕቸር አልኩት፤ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተሩ መቅዳት ማለት ነው። ሙሽሮቹ ገቡ። ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አጎቴ ነው።

«አባትህስ?» አለ ሙስጠፋ።

«እግሩን አሞት ነው አልኩህ እኮ።»

ኬክ ተቆረጠ፣ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገቡ፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ድርቅ አለ። ምስሉም ማውሱም ቆመ። አጥፍቼ ባበራው እዚያው ቦታ ላይ ድርቅ! ኬብል ቀየርኩ፤ ካሴቱን የሚያነበውን የካሜራውን ሄድ ጠረግሁ፤ ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል ብዬ የድሮ ሠርጎች አጠፋሁ፤ አንቲቫይረሱን ዘጋሁ። ወይ ፍንክች!

«ጂኒ ሰፍሮበታል» አለ ሙስጠፋ።

በኋላ ነው የገባኝ። እኛ ካሴት አንጥልም፤ አጠንጥነን በላዩ ላይ ሌላ እንቀዳበታለን። አዲሱ ቀረጻ አልቆ የድሮው ትራፊ በሚጀምርበት ቦታ ላይ የካሴቱ ቆጣሪ ይዘላል፣ ፕሮግራሙም ግራ ይጋባል። መላው ቀላል ነው፤ ያንን ቦታ በካሜራው አሳልፎ ካፕቸሩን ከዚያ ወዲያ መጀመር። ሠርጉ እኮ አልቋል፣ ልተወው እችል ነበር። ግን የድሮው ላይ አባዬ ቢኖርስ ብዬ አሳለፍኩት።

አባዬ ነበረበት። ድንኳን ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በፍሬም፣ ግራና ቀኙ ሻማ በርቶ። እማዬ ጥቁር ለብሳ ደረቷን ትመታለች። ሠናይትን ጎረቤቶች ደግፈው ይዘዋታል። «ምንድነው ይሄ? ምንድነው ይሄ?» እላለሁ፣ ማንን እንደምጠይቅ እንጃ። ሙስጠፋ «ኢና ሊላህ» ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ አንዴም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ቀዳ።

እናንተ ስደት ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለኛ ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ይንኳኳል። እኔና ሙስጠፋም እዚህ የስንቱን በር አንኳኩተናል። የኔ አባት ግን ይሞታል ብዬ፣ እግዜር ያውቃል፣ አስቤ አላውቅም።

እንባዬ ሲደርቅ ደወልኩ። እማዬ አነሳችው።

«ካሴቱ ደረሰህ የኔ ጌታ? አየሃት እህትህን?» ደስ ብሏታል፤ እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት።

«አየኋት። በጣም ታምራለች። አባዬስ?»

«ደህና ነው። አሁን ጎተራ ጓደኞቹ ጋ ወርዷል።»

«እግሩ ተሻለው?»

«ተሽሎታል፣ ይራመዳል።»

«ሳሚልኝ እማዬ» አልኳት።

«እስመዋለሁ» አለችኝ።