መለጠፍ እንጂ ማንሳት ሳንማር

የማንንም ስም አልጽፍም፤ እነማን እንደነበርን ግን አንድ በአንድ ልናገር። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ሮቤ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍል ሠራተኛ። ሁለተኛዋ ኃላፊያችን ናት፤ በየቀኑ ከጎባ በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትሠራ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ የምታዝ ሴት። ሦስተኛው መጻሕፍቱን የሚመዘግበውና የሚደረድረው የአጋርፋ ሰው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት፣ ቀልደኛ። አራተኛዋ የበኩር ልጄ ናት፤ ጎባ ኮምፒውተር ታስተምራለች። አምስተኛዋ ከሃረና ጫካ የሚመጣ ማር ገበያ ላይ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። እሳቸው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አልነበሩም። ከአምስታችን ምንም ያላጠፉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔ የገሰራ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የገባሁት በጥበቃነት ነው፤ ያነበብኩትንም ሁሉ ያነበብኩት በሩ ላይ ተቀምጬ ነው። የማላውቀውን ቃል መዳፌ ላይ እጽፋለሁ፤ ሰው ሲመጣ እጄን እጨብጣለሁ። ስለዚህ ሳያውቁ መገኘት ምን ዓይነት እፍረት እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ልጆቼን በቁጣና በአለንጋ ያስጠናኋቸውም ይህ እፍረት እንዳይደርስባቸው ብዬ ነው። ትክክል ነበርኩ አልልም።

ማር ሻጯ ወደ እኔ የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለኃላፊያችን ማር አድርሰው ሲመለሱ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«እዚህ የሚገባው የሚያነብ ሰው ብቻ ነው?» አሉኝ።

«የሚፈልግ ሁሉ ይገባል።»

«መፈለጉንስ ይፈልጋል እንበል። የማይችል ከሆነስ?»

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። በሴቶች ማኅበራቸው የጸሎት መጽሐፍ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ሰው ሲታመም ደጃቸው የሚንኳኳው ለዚሁ ነው። ነገር ግን አያነቡም። እናታቸው ያስጠኗቸውን በቃላቸው ነው የሚሉት፤ ገጹ የት ላይ እንደሚገለጥ ሳይቀር በቃላቸው ይዘውታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ መጽሐፉን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን መስመሩ ላይ ጥለው፣ ከልባቸው ሲያወጡ ኖሩ። «አንድ ቀን አንዷ ሕፃን 'እማማ፣ የዘለሉት ገጽ አለ' ትለኛለች እያልኩ እፈራለሁ» አሉኝ። «ሰው ሳይደርስብኝ መቻል ነው የምፈልገው።»

በምሳ ሰዓት፣ አንባቢ ሲቀንስ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች መደርደሪያ ጀርባ ልናጠና ተስማማን። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ ማልኩ። ለኃላፊያችን በምሳ ሰዓት የምቆየው ጋዜጦቹን ለማስተካከል ነው አልኳት። ውሸት አልወድም፤ ያን ጊዜ ግን ዋሸሁ። ሴትዮዋ ለቀልድ «የኔታ» ይሉኝ ጀመር።

«የኔታ፣ አለንጋዎን የት ጣሉት?»

«ልጆቼ ላይ ጨረስኩት።»

ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ሲሳሳቱ አልቆጣም፤ ጣቴን ከጣታቸው አጠገብ አድርጌ መስመሩን እንደገና እንጀምረዋለን። ከመማሪያው መጽሐፍ የቀራቸው ስምንት ገጽ ብቻ ነበር። እሱ ሲያልቅ የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው ሊመጡና ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ሊያነቡት ተነጋግረን ነበር።

በዚሁ መካከል ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ቤተ መጻሕፍቱ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ይኑረው ተባለ። ኃላፊያችን ልጄን ለመነቻት፤ ልጄም በየዓርብ ከሰዓት ከጎባ እየመጣች ታሠለጥነን ጀመር። በኩራት ደረቴ ተነፋ፤ ፊቴን ግን ኮስተር እንዳደረግኩ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማውሱን ስይዝ ቀስቱ በስክሪኑ ላይ ከጥግ ጥግ ይሮጣል። የአጋርፋው ሰው በሳቅ ሞተ። «ጋሼ፣ የእርሻ በሬ አይደለም እኮ! ሱታ ሱታ፣ ቀስ አርገው ይንዱት!»

«አንተ መጽሐፍህን ደርድር» አልኩት።

ልጄ ትምህርቱን በወረቀት አትማ ነበር ያመጣችው። የመጀመሪያው ገጽ «ሰው ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ፈቃድ እንጠይቅ» ይላል። እንዳየሁት አቋረጥኳት። «ነውርን ለእኛ አታስተምሪን። ሰው ማክበር በዚህ ዕድሜያችን ጠፍቶን ነው? ወደ ሥራው ግቢ።» ገጹን ገለበጠችው። ያ ቀልደኛ «እሰይ፣ ጋሼ አንድ ምዕራፍ አሳለፉን!» ብሎ አጨበጨበ።

የፌስቡክ ገጹን ለመክፈት ስልክ ቁጥር ሲያስፈልግ የእኔ ተሰጠ። የይለፍ ቃሉን ደግሞ እኔ ራሴ በርክክብ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት። ይህ መዝገብ ጠዋትና ማታ የበሩን ቁልፍ ስንረካከብ የምንፈርምበት ነው። በማስመሪያ አንድ ዓምድ አወጣሁና ከላዩ «ገጹን የተጠቀመ ይፈርም» ብዬ ጻፍኩ።

«አባባ፣ የይለፍ ቃል መዝገብ ላይ አይጻፍም» አለች ልጄ።

«ቁልፋችን ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ ማን ሰረቀን?»

ለሳምንታት ሁሉም ፈረመ። የአዳዲስ መጻሕፍት ሽፋን ለጠፍን፣ የሥራ ሰዓታችንን ለጠፍን። የተለጠፈውን ማረምና ማንሳት የሚቀጥለው ወር ትምህርት ነበር።

አንድ ዓርብ ልጄ ከወትሮው ቀደም ብላ፣ በምሳ ሰዓት ደርሳ ኖሯል። እኔ አላየኋትም። ከሰዓት አስተማረችን፤ ፊቷ ላይ ያልለመድኩት ደስታ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጎባ ተመለሰች። አሥር ሰዓት ገደማ የአጋርፋው ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሳቀ መጣ።

«ጋሼ፣ ታወቁ እኮ! ሙሽራ መስለው ነው የወጡት!»

አየሁት። ከጋዜጦቹ ጀርባ የተነሳ ፎቶ ነው። ሁለት ጣቶች አንድ መስመር ላይ። የሴትዮዋ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥሩ «ፊደል ለመቁጠር ዕድሜ አያግድም፤ እኚህ እናታችን በቤታችን ማንበብ እየተማሩ ነው» ይላል። ሰዎች አስተያየት መጻፍ ጀምረዋል። አንዷ «ጎበዝ እናት!» ብላለች። ሌላዋ ደግሞ «እሳቸው አይደሉም እንዴ ማኅበር ላይ የሚያነቡልን?»

መዝገቡን ገለጥኩ። በዚያ ቀን ማንም አልፈረመም።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«እኔ? ኧረ ጋሼ፣ በልጆቼ!»

«በልጆችህ አትማል! ቀልድህ ሰው ገደለ። ይሁዳ!»

ይህን ያልኩት በኃላፊያችንና በአንባቢዎች ፊት ነው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «እሺ፣ ማን እንደለጠፈው በኋላ ይጣራ፤ አሁን እንዴት እንደሚነሳ ልሞክር» አለኝ።

«እጅህን እንዳታስገባ» አልኩት።

ከዚያ ያደረግኩትን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ። የኮምፒውተሩን ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ስልኬንም አጠፋሁት። በእኔ ሐሳብ ገጹ ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። የእሱም ስልክ የሚያየው ከቤታችን በሚወጣው ዋይፋይ ስለነበር፣ እሱም የማያይ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በር ሲዘጋ ንባብ ሲቆም ነው ያየሁት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ወደ ውስጥ ከገባ ወረቀቱን ማን ያነበዋል? ኃላፊያችን «ይህ የሚበቃ ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ዘግቼዋለሁ» አልኳት፤ አመነችኝና ሚኒባሷን ልትይዝ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት የአጋርፋው ሰው ደጄ መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም፤ በአጥሩ ላይ ነው ያናገርኩት።

«ጋሼ፣ በሌላ ስልክ ልገባ ስል የመግቢያ ኮዱ የሚላከው ወደ እርስዎ ስልክ ነው። ስልክዎን ያብሩና የሚመጣውን ኮድ ይንገሩኝ፤ አጠፋዋለሁ።»

«ዘግቼዋለሁ አልኩህ።»

«አልተዘጋም! ገበያው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ነገ ማኅበራቸው ነው ይባላል፤ ዛሬ ከጠፋ እኮ ብዙዎቹ ሳያዩት ይቀራሉ።»

«የሰው ገመና አደባባይ አውጥተህ ደግሞ ደጄ ትቆማለህ?»

«እሺ ጋሼ» አለና ሄደ። ባለቤቴ «ሰውየው የሚዋሽ አይመስልም» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት፣ ገና መስኮቶቹን ስከፍት፣ ሴትዮዋ መጡ። በምሳ ሰዓት እንጂ በጠዋት መጥተው አያውቁም። የመማሪያውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የኔታ አላሉኝም።

«ትናንት መጽሐፉን ልገልጥ ስል አንዷ 'ይቅርብዎ፣ አይድከሙ፤ የምታነብ ልጅ አምጥተናል' ብላ ከእጄ ወሰደችው። ምነው ስል በስልክ አሳዩኝ። ከላዩ የተጻፈው የዚህ ቤት ስም ነው አሉኝ። ጣቱን ደግሞ እኔም አወቅኩት።»

«እኔ አይደለሁም። በልጆቼ...»

«ከእኛ ሌላ የሚያውቅ ሰው ነበር?»

ወደ በሩ ዞሩ። «እኔ ማሬ ውስጥ ስኳር ጨምሬ አላውቅም» አሉኝና ወጡ።

እኩለ ቀን ላይ ልጄ ደረሰች። ከቅዳሜ ጀምሮ ስትደውል ስልኬ ዝግ ሆኖባት፣ ሰኞ ክፍሏን ለሰው አስይዛ ነው የመጣችው። ሳትቀመጥ ነገረችኝ።

«ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ፤ ከዚሁ ኮምፒውተር ስለሆነ ወደ እርስዎ ስልክ የሚመጣው ኮድ ከሌለ ላነሳው አልቻልኩም።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ከድቶኛል፤ መሬት የወሰደብኝ ዘመድ አለ። እንደዚያ ቃል ግን ያመመኝ የለም። «ለምን?» አልኳት።

«ሴትዮዋ ሲሳሳቱ እርስዎ ሳቁላቸው። አየሁዎት። እኔ ስሳሳት ያደርጉኝ የነበረውን ያስታውሳሉ? አባቴ እንዲህም መሆን ይችላል ብዬ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ፈለግኩ።»

«ፈቃድ መጠየቅ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ያንን ገጽ ያዘለሉኝ እርስዎ ነበሩ፤ ቢሆንም አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ መዝገቡ ላይ ለምን አልፈረምሽም?»

«አባባ፣ ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር የለም?»

አልነበረኝም። ወይም ነበረኝ፣ አፌ ግን የለመደው እንዲህ ያለውን ብቻ ነው። ስልኬን ከእጄ ወስዳ ከፈተችው፤ በመጣላት ኮድ ገባች፤ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችው፤ ፎቶው ጠፋ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በአጥሬ ላይ የተለመንኩት ይህንኑ ነበር።

ለረጅም ጊዜ የተከዳሁት እኔ ነኝ እያልኩ ኖርኩ፤ እውነትም ተከድቻለሁ። ግን ሴትዮዋን ለማኅበሩ አሳልፎ የሰጣቸው ፎቶው ብቻ አይደለም። ዓርብ ተለጥፎ ቅዳሜ ሊነሳ ይችል የነበረውን ነገር እስከ ሰኞ ያቆየሁት እኔ ነኝ። አንድን ሰው ከሃዲ ለማለት ስቸኩል፣ ይረዳኝ የነበረውን ሰው ከደጄ መለስኩት። ቁጣ ሰዎች በሚያምኑት ሰው እጅ ሲሆን እጅግ አደገኛ ነው፤ ማንም አያስቆመውምና።

ገበያ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሁለት ጊዜ ወደ ሌላ ገዢ ዞሩ። በሦስተኛው «ማር ልመዝንልዎት?» አሉኝ፤ እንደማንኛውም ገዢ።

እንግዲህ ይህ ነገር ያስከፈለንን ልደምር። ኃላፊያችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ እሷም ቤቱ በምሳ ሰዓት እንዲቆለፍ አዘዘች፤ በዚያ ሰዓት ብቻ መምጣት የሚችሉ ሁለት የቀን ሠራተኞች ነበሩ፣ ቀሩ። የአጋርፋው ሰው «ይቅር ብያለሁ ጋሼ» አለኝ፤ በወሩ ግን ዝውውር ጠይቆ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ መደርደሪያዎቹን የሚያውቃቸው ሰው የለም። ልጄ የዓርቡን ሥልጠና አቆመች፤ ዓመት በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ በልታ ሳይመሽ ትነሳለች። ሴትዮዋ ማኅበሩን ትተዋል፤ የታመመ ሰው ቤትም አይጠሩም። የኔታ የሚለኝ ሰው የለም። ድምሩ፦ ሦስት አንባቢ፣ አንድ ባልደረባ፣ የአንዲት ልጅ ዓርቦች፣ የአንዲት ሴት የሠላሳ ዓመት ክብር፣ ያልተነበበ ስምንት ገጽ።