የታችኛው ውሃ ጥልቀት

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ወልቂጤ የማስተምራት አንዲት ልጅ የመመረቂያ ሥራዋን ይዛ መጣች። ከግድብ የሚወርድ ውሃ የት እንደሚረጋጋ የሚያሰላ ሞዴል ነው።

«የታችኛውን ውሃ ጥልቀት ከመጽሐፍ ልውሰደው?» አለችኝ። ነገ እንነጋገራለን ብዬ ሸኘኋት። ቀኑን ሙሉ ግን ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ገና መመረቄ ነበር። ቡታጅራ አጠገብ ለመስኖ የሚሠራ የአንድ ትንሽ ግድብ ስሌት ተሰጠኝ። ከግድቡ አናት በፍጥነት የሚወርድ ውሃ፣ ታች ካለው ዝግተኛ ውሃ ጋር ሲጋጠም ድንገት ከፍ ይላል፤ አረፋ ደፍቆ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ሃይድሮሊክ ጃምፕ እንለዋለን። ሁከቱ ሲሚንቶ በለበሰው ወለል ላይ ማለቅ አለበት። የታችኛው ውሃ ዝቅ ካለ ግን ሁከቱ ወለሉን አልፎ አፈሩን ይበላል።

በበጋ፣ የመንገዱን አቧራ ለብሼ ወርጄ የወንዙን ውሃ ጥልቀት ለካሁ። የወንዙ ዳር መሬት የጋሽ ሸምሱ ነበር፤ በርበሬና እንሰት የሚያለሙ ዝምተኛ ሰው። ባለቤታቸው ቆጮ በአይብ አቀረቡልኝ።

«አሁን የምትለኪው አሸዋ የሞላውን ወንዝ ነው» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ። «ሐምሌ ላይ ጎርፉ አሸዋውን ጠርጎ ይወስደዋል። ወንዙ ቁልቁል ይሰምጣል።»

«ምን ያህል ጋሼ?»

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «እስከዚህ።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ቢሮ ገብቼ ሳሰላው ወለሉ በጣም መርዘም ነበረበት። አለቃዬ ይቸኩላሉ። ደግሞ በገበሬ ወገብ የተለካ ቁጥር እንዴት ይቀርባል ብዬ አፈርኩ። ሰረዝኩት። በበጋው ልኬት የሣልኩት አጭር ወለል ወረቀት ላይ ያምር ነበር።

ግድቡ በተሠራ በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ከሥሩ ተቦርቡሮ ተሰበረ። የወንዙ ዳር ተደርምሶ የእንሰቱን ማሳ ይዞት ሄደ። ስደርስ ዝናቡ አላባራም፤ ጋሽ ሸምሱ ጭቃው ውስጥ ቆመው ሥሩ የተገለጠ እንሰት በገመድ ይጎትታሉ። ስንት ዓመት ጠብቀው ያሳደጉት ነው።

«ነግሬሽ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም። «ረሳሽው መሰለኝ።»

«ረሳሁት ጋሼ።»

«ሰው ይረሳል» ብለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ሪፖርቱ ላይ ምክንያቱ ያልተጠበቀ ጎርፍ ነው ተባለ። ፈረምኩ። የተረፈው መሬት አልበቃቸው ሲል ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ቡኢ ሄዱ፤ እዚያው መሞታቸውን ከዓመታት በኋላ ሰማሁ።

በማግስቱ ተማሪዬን ክረምቱን ጠብቃ ራሷ እንድትለካ ነገርኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ያደረግኩት ስህተት ቢሆን ኖሮ እነግራት ነበር፤ የተሳሳተ ስሌት በየቦታው አለ። ጋሽ ሸምሱ ረስታ ነው እንዳሉ ሞቱ። እኔ ግን አንድም ቀን አልረሳሁትም፤ ቁጥሩን ስሰርዘውም ያሉኝን አስታውሰው ነበር።