የእናቴ ጸሎትና ቀይዋ ክብ

ወገኖቼ፣ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ግጥም ላነብላችሁ አይደለም። እግዚአብሔር ለእናቴ ያደረገላትን ልነግራችሁ ነው። ያቻትና፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። አታስረዝመው ብላኛለች፤ እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ሲቀላ ሰፈር ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ፣ ከዚህ በር ስትወጡ እያየሁ የምቀልድባችሁ እኔ ነበርኩ። ከዓይኔ የሚያመልጥ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እግዚአብሔርንም ስላላየሁት የለም እል ነበር።

እናቴ ጨንቻ ጥጥ ትፈትላለች፤ አባቴ ይሸምናል። የጡት ካንሰር ይዟት በቀዶ ሕክምና ወጥቶላት፣ ሁላችንም ተገላገልን ብለን ነበር። ከዚያ አባቴን ክሩ ያስቸግረው ጀመር። አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። ጥጡን ቀየርሽው እንዴ ብሎ ተቆጣት። አዎ፣ ጥጡ ነው አለችው። ጥጡ አልነበረም። ራሷን ያማት ነበር፤ ግራ እጇም እየደነዘዘ ነበር።

አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ኤም አር አይ ክፍል ከመግባቷ በፊት መተላለፊያው ላይ ዓይኗን ጨፍና፣ "ጌታ ሆይ፣ የተደበቀውን ግለጥ" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔ ተናደድኩ።

"እማዬ፣ ምንም እንዳይገኝብኝ በይ እንጂ። ፈልገህ አምጣብኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ?"

"አንተ ግጥምህን ጻፍ። ጸሎቱን ለእኔ ተወው።"

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ምስሎቹን መጀመሪያ ስታያቸው የሚያሰጋ ነገር አልታያትም ነበር፤ ይህን የነገረችን ራሷ ናት። አንጎሏ በስሱ የተቆራረጠ ያህል በየንብርብሩ የተነሳ ስለሆነ ምስሉ ብዙ ነው። ከዚያ እንደ አሠራራቸው ኮምፒውተሩም እንዲመረምረው አደረገች። እሱ የሚያጠራጥረውን ቦታ በቀይ ክብ ያሳያል። ሁለት ቦታ ከብቦ ነበር። አንዱን፣ ይሄ የደም ሥር ነው፣ ማሽኑ ተሳስቷል ብላ አለፈችው። ሁለተኛው ላይ ግን ቆመች። ምስሉን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያመላለሰች ብዙ ቆየች።

"እማማ፣ ይቺን ዓይኔ አልፏት ነበር" አለች። "ከጡቱ ካንሰር የተዛመተች ነው የምትመስለው። ግን ገና ትንሽ ናት፤ ደርሰንባታል።"

ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ከምስር ፍሬ የምታንስ ነጥብ ናት። ተከብባልኝ፣ ጣት ተቀስሮልኝ እንኳ ለማየት ተቸገርኩ። ምንም አያመልጠኝም የምለው እኔ!

እናቴ አላለቀሰችም። "ተመስገን፣ ሰማኝ" አለች። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

ወገኖቼ፣ እኔ የተሸነፍኩት ያኔ ነው። ማሽኑን ሰዎች እንደሠሩት አውቃለሁ። ሐኪሟም ደክማ ተምራ ነው። ግን ከዚያ መተላለፊያ እስከዚያች ቀይ ክብ ያለውን መንገድ ማን ጠረገው? እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ "እኔንም ግለጠኝ" አልኩ። ስሙ ይባረክ!

ነጥቧ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ጨረር ተሰጣት። ለክትትል ስንመለስ ነጥቧ የለችም። ክብር ለጌታ ይሁን! ኮምፒውተሩ ያንኑ የደም ሥር ደግሞ ከበበው፤ ሐኪሟ ስቃ፣ ይሄ አሁንም አልገባውም አለች። ክትትሉ አላለቀም። ከሐኪሞቹ ቀድሜ ጨርሳ ድናለች አልላችሁም፤ እሷም እንድል አትፈቅድልኝም። በሄደች ቁጥር ያንኑ ጸሎት ትጸልያለች። አሁን አብሬያት አሜን እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጨንቻ ወጥቼ ነበር። እናቴ አዲስ የፈተለችውን ክር አባቴ በጣቶቹ መሐል እስከ ጫፉ አሳለፈው። ጣቱ የትም አልቆመም፤ ወደ ሽመናው ተመለሰ። እናቴም አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ሃሌሉያ!

ከመካከላችሁ ይገኝብኛል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ሕመምም ይሁን በልቡ የያዘው ሌላ ነገር፣ ዛሬ አይደብቀው። ሐኪም ቤትም ይሂድ፣ ወደ ጌታም ይምጣ። እኔም ፈርቼ ነበር። ለካ እሱ የሚገልጠው ሊደርስልን ብሎ ነው።