አያ ደምሴና የካምቢዮው ጥርስ

እኔን ብሎ ደግሞ ካምቢዮ መራጭ! ፊደል የማልለይ፣ የፊት ጥርሴ የወለቀ፣ ንፍጤን በቀሚሴ የምጠርግ ልጅ፣ የመኪና ሆድ ውስጥ እጄን ከትቼ ፈረድኩ። በቀደም ሞጣ መናኸሪያ አንዱ ሚኒባስ የተቃጠለ የዘይት ሽታውን ሲለቅብኝ የአጎቴ የአያ ደምሴ ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን ሰብስባ ራቅ አለች።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አያ ደምሴ አራሽም፣ የታወቀ የበቅሎ ነጋዴም ነበር። በቅሎዎቹን ሁሉ ሸጠና አንድ ያረጀ ጂፕ ገዝቶ፣ ከብቸና ሞጣ ገበያተኛ ያመላልስ ጀመር። ሰው የሚባል አያምንም። የቤንዚኑን ክዳን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አስሮ ነው የሚተኛ። ጂፗንም ሲያቆማት ከግራሩ ጋር በጠፍር ያስራት ነበር።

አንድ ቀን ዳገት ላይ ካምቢዮዋ ተሰበረ። ክረምት ሊገባ ነው። ጭቃውን የሚችል ጠንከር ያለ ካምቢዮ ካልገባላት ገበያተኛው ለሌላ ሹፌር ሊሆን፣ አያም ወደ ሞፈሩ ሊመለስ ነው። ጂፗን በጭነት መኪና አስጎትቶ ሞጣ ኑሩ የሚባል መካኒክ ዘንድ ሄደ። ዓይኑ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አያይለትምና እኔንም አስከተለኝ።

ኑሩ ዘንድ ክዳናቸው የተነሳ ሁለት ካምቢዮዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።

"አያ ደምሴ፣ ትልቁን ውሰድ። እንዲገጥም አድርጌ አስተካክልልሃለሁ። ዳገት አይፈራም" አለው ኑሩ።

አያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "አየሽው? ሊያራግፍብኝ እኮ ነው! እኔም አንካሳዋን በቅሎ እንዲህ ነበር የማራግፍ። እስቲ እጅሽን ክተችና ጥርሳቸውን ንገሪኝ።"

ዘይቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ያጣብቃል። ዳበስኩ። "የትልቁ ረዥም ነው፣ ሹል ሹል ያለ። የትንሹ አጭር ነው፣ ልስልስ ያለ።"

አያ በሳቅ ፈነዳ። "ጥርሱ የረዘመ በቅሎ ያረጀ ነው! ሽማግሌውን ልትሸጥልኝ ኖሯል?"

ኑሩ ራሱን ያዘ። "ኧረ አያ ደምሴ፣ ይኸ ሣር አይግጥም! ብረት ሲያረጅ ጥርሱ ተበልቶ ያጥራል እንጂ!"

"አንተ ብሎንህን እሰር፤ ጥርሱን ለኔ ተው!"

ትንሹን መረጠ። ኑሩ እንዳይለውጥበት ብሎ እኔን ካምቢዮው ላይ ጉብ አደረገኝ። እስኪገጠም ድረስ እንደ ዶሮ ታቅፌው ዋልኩ። ያ ቀሚሴ ዳግመኛ ነጭ አልሆነም።

ገበያተኛ ጭነን ስንመለስ፣ ብቸና ልንደርስ ስንል የመጀመሪያው ብርቱ ዳገት ላይ ካምቢዮው ተንቋቋ፣ አጓራ፣ ከዚያ ጸጥ። ጂፗ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሴቶቹ "ማርያም! ማርያም!" እያሉ ዘለሉ፣ ወንዶቹ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወተፉ። ብቸና በበሬ ተጎትተን ገባን። ትልቁን ካምቢዮ ሌላ ሹፌር ገዛው፤ ክረምቱን ሙሉ በደጃችን እያገሳ አለፈ። ጂፗ የዶሮ ማደሪያ ሆነች፣ አያም ሞፈሩን አነሳ።

አያ ካረፈ ስንት ዘመኑ! እኔ ግን ዛሬም ጤፍ ስገዛ ክንዴን እስከ ክርኔ ከጆንያው ካልከተትኩ አልገዛም። ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ያን ቀን በሬዎቹ ጂፗን እየጎተቱ ሰፈር ሲደርሱ፣ ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ ከአጥሯ ብቅ አለች። ነገሩን ከተሳፋሪዎቹ ሰማች። እኔን አየች፣ የዘይት ቀሚሴን አየች፣ ወደ አያ ዞረች።

"አንተ ደምሴ፣ ኑሩን አላምንም ብለህ ይችን የፊት ጥርስ የሌላት ሞላጫ አመንክ?"