የወታደሩ ቫልቭ

ጉልበት ያለው መኪና የሚወድ ሰው እንደ ሕፃን ነው፤ ድምፅ ካልሰማ አይደሰትም። ይህን የተማርኩት ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ፣ ሳብያ ከተማ በምሠራበት ጋራዥ ነው። እዚህ ያሉ ጎረምሶች መኪናቸው ላይ ሱፐርቻርጀር ያስገጥማሉ፤ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ እግሩን ድንገት ሲያነሳ የአየሩ በር ይዘጋና የተጨመቀው አየር መሄጃ ያጣል። ያን ጊዜ ጡጫ የምታህል ቫልቭ ተከፍታ ታስወጣዋለች። «ጵስስስ» የሚለው ድምፅ የእሷ ነው። አረቦቹ በልፍ ይሏታል። በጊዜው ካልተከፈተች አየሩ ተመልሶ ሱፐርቻርጀሩን ይመታዋል፤ ደህና ሆና ካልተዘጋች ደግሞ መኪናው ጉልበት ያጣል። ነገሩ ይኸው ነው፤ የተረፈው የሻጭ ወሬ ነው።

በልፍ ለማስመረጥ የሚመጣ ደንበኛ ግን ስለ መክፈትና መዝጋቷ አይጠይቅም፤ ስለ ጩኸቷ ነው የሚጠይቀው። እኔም ሁለት ዓይነት አለ እላለሁ። አንደኛዋ ሆዷ ውስጥ ፒስተን አላት፤ ደህና አድርጋ ትጮሃለች፣ ግን አቧራ አይሆናትም። እየተፈታች መታጠብና ቀጭን ዘይት መቀባት አለባት። ሁለተኛዋ በስስ ላስቲክ የምትሠራ ናት፤ ገጥመህ ትረሳታለህ። ለጂዛን የቱ ይሻላል ብትሉኝ መልሱ ቀላል ነው። ከባሕሩ በኩል ጨው ይመጣል፣ ከሜዳው አቧራ ይመጣል፤ እነሱ ጉብራ የሚሉት ነፋስ የተነሳ ቀን የምታላምጠው ዳቦ ራሱ አሸዋ ነው። ላስቲኳ ትሻላለች።

ለወታደሩ የመረጥኩለት ግን ባለ ፒስተኗን ነበር።

ወታደሩ ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ የሚቆም ወጣት ነው። ጋራዥ ሲመጣ መለዮውን አይለብስም፤ ነጭ ቀሚሱን ለብሶ ይመጣል፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጋራዡ ዋና መካኒክ የመናዊ ነው፣ ሙዐሊም እንለዋለን። የጎረምሳ መጫወቻ አልነካም ብሎ መኪናውን ወደኔ ገፋው። ስሠራ ወታደሩ ቆሞ አየኝ።

«ኢቃማ የለህም» አለኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለቱ ነው። መጠየቁ አልነበረም።

«የለኝም» አልኩ። ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ?

«ታዲያ አንተን ከወሰዱህ መኪናዬን ማን ይሠራልኛል?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ ሥራው አልቆ ሞተር ካስነሳ በኋላ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ያ ሐበሺ፣ ቡክራ ሻርዑ ዘሕማ ነው» አለኝ፤ ነገ መንገዱ ይጨናነቃል ማለቱ ነው። ምን አገባኝ ብዬ ረሳሁት። በማግስቱ ፍተሻ ወጣ፤ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ከየማዕዘኑ እየለቀሙ በአውቶቡስ ጫኑት። ያን ቀን እኔን ያዳነኝ ጉድጓድ ውስጥ ከመኪና ሥር መሆኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ «ዘሕማ» የምትለዋን ቃል ከሰማሁ ሥራ አልወጣም፤ አብሮኝ የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የማንጎ እርሻ እገባለሁ። ወታደሩም እኔም ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

እንግዲህ አሰብኩት። በልፉ ያልተበላሸችበት ሰው ጋራዥ ምን ያመጣዋል? ካልመጣ ደግሞ «ዘሕማ»ውን ማን ይነግረኛል? ስለዚህ በልፍ ሊያስገጥም ሲመጣ ባለ ፒስተኗን ገጠምኩለት። በዚያ ላይ በቀጭን ዘይት ፈንታ የጎማ ኩሽኔታ የሚቀባውን ወፍራም ግሪስ አጠጣኋት። ግሪስ አቧራ ሲያገኝ ጭቃ ይሆናል። ከርማ ከርማ ፒስተኗ ትጣበቃለች፣ መኪናው ያስላል፣ ወታደሩ እየተሳደበ ይመጣል። ለሌላ ደንበኛ እንዲህ ባደርግ እጄ ይቆረጥ። በዚህ ግን አላፈርኩም፤ አሁንም አላፍርም።

ስለ ራሴ ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልደከምኩ። የአክስቴ ልጅ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ከወሎ ወጥቶ በየመን በኩል ነበር የገባው። ወንድሙ መንገድ ላይ ቀረ። አሸዋውን በእጁ ቆፍሮ የቀበረው እሱ ነው። ለእናቱ ግን ሁለታችንም ገብተናል፣ እየሠራን ነው ብሎ ነገራት። ታናሽየውን አቅርብልኝ ስትለው፣ ባይሽ የሚባል ቦታ ከብት እየጠበቀ ነው፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ይላታል። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

«አያ፣ መባረሩን አልፈራም» አለኝ አንድ ቀን። «የእናቴን ደጅ ነው የምፈራው። ብቻዬን ስገባ የምታየኝ አስተያየት አለ።»

የቀን ሥራ ነበር የሚሠራው። አንዳንዴ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ አንዳንዴ አሐድ አል-መሳርሐ እርሻ ወርዶ ቲማቲም ይለቅማል። ማታ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «በልፏ እንዴት ዋለች?» ይለኛል፣ ስለ አማቱ ጤና እንደሚጠይቅ ሁሉ።

«ታማለች፣ አልሐምዱሊላህ» እለዋለሁ።

«ሕመሟን ያጽናው!» ይላል። በዚህች እንስቅ ነበር። ሌላ ብዙ የሚያስቅ ነገር አልነበረንም።

አንድ ቀን ወታደሩ በካርቶን የታሸገ ዕቃ ይዞ መጣ። አዲስ በልፍ ናት፣ የላስቲኳ ዓይነት። «ጅዳ ያለው ወንድሜ ነው የላከልኝ። ጥገና ምናምን አትፈልግም አለኝ። ኸላስ፣ በቃ፣ ከኔ ትገላገላለህ ወዳጄ!»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኩ በሆዴ። በልፏን ገልብጬ አየኋት። ላስቲኳ ለስላሳና ስስ ናት፤ በመርፌ ጫፍ ብትነካ በሳምንቱ ትተነፍሳለች። ወስፌው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየሁት፣ አልዋሽም፣ ደጋግሜ አየሁት። ግን ወታደሩ የዒድ ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ፊቱ በርቶ አጠገቤ ቆሟል። ደግሞም አዲስ ዕቃ ቢበላሽበት ወደ ሻጩ እንጂ ወደኔ አይመልሰውም። ገጠምኳት። ቱቦዋን ቀየርኩ፣ ማሰሪያዋን አጠበቅኩ፣ ሞተሩን አስነስቼ ፈተሽኳት። ተከፈተች፣ ተዘጋች፣ እንከን የላትም። አሮጌዋን አንተው ጋ ትቅር አለኝና በጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ አኖርኳት።

ማታ የአክስቴ ልጅ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ።

«ድናለች» አልኩት።

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። «ኢናሊላሂ» አለ። ሊቀልድ ነበር፤ ሁለታችንም ግን አልሳቅንም።

ወታደሩ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። መኪናው በትልቁ መንገድ ሲያልፍ እሰማዋለሁ፤ ጵስስስ ብላ ጥርት ያለች ድምፅ ታሰማና ትሄዳለች። የፍተሻውን ቀን በግምት መጠበቅ ጀመርን። ዛሬ ነው ብለን እርሻ ውስጥ ስንውል ምንም ሳይመጣ ይመሻል። ሥራ ያልወጣ ሰው ደግሞ አይበላም። በመጨረሻ መደበቁ ራሱ ሰለቸን፣ የመጣው ይምጣ ብለን ወጣን።

ፍተሻው የመጣ ዕለት እኔ ባይሽ ነበርኩ፤ ወንዝ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ልናስነሳ ከሙዐሊሙ ጋር ሄጄ። የአክስቴ ልጅ የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ ነበር። ስመለስ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ መያዙን ነገረኝ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም፤ በኋላ ተዘጋ። ቤት ስገባ ጠዋት ጀምሮት የሄደው ፉል በዳቦ እንደተከደነ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከእስር ቤት በሰው ስልክ ደወለልኝ። «አያ፣ እናቴ ብትደውል ሁለቱም ባይሽ ናቸው በላት። እሺ በለኝ።» እሺ አልኩት። አዲስ አበባ ካወረዱት በኋላ ወሎ አልሄደም፤ እንደገና ወደ ባሕሩ ዞረ። የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ ይባላል፤ እሱ አገሩ ከገባ በኋላ ነው የባሰበት። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። ጀልባ እየጠበቅን ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ከዚያ የተሻገሩ ልጆች ሲመጡ እጠይቃለሁ፤ አየሁት የሚል የለም።

በቀደም ወታደሩ መጣ። ዘይት ሊያስቀይር ነው። ዓይኑ ጋራዡን ዞሮ፣ «ያ ካንተ ጋር የነበረው ሐበሻ የት አለ?» አለኝ።

«ወሰዱት።»

መኪናውን ተደግፎ ቆመ።

«ያን ሰሞን ምነው አልመጣህ?» አልኩት። እንዴት ደፈርኩ? እንጃ፣ ምን የሚቀርብኝ ነገር አለ ብዬ ነው።

«ወላሂ» አለ፣ «በልፏ አልተበላሸችም። በምን ሰበብ ልምጣ?»

ዘይቱን ቀይሬ ጨረስኩ። ወታደሩ ግን አልሄደም። ኮፈኑን ከፍቶ ያቺን አዲሷን በልፍ በጣቱ መታ መታ አደረጋት። «አውጣት። አሮጌዋን መልስልኝ» አለኝ።

ከመደርደሪያው አወረድኳት፣ አጠብኳት። የቀጭን ዘይቱን ጠርሙስ ሳነሳ እጄን ያዘኝ።

«ያንን አይደለም» አለ። «የድሮውን። ወፍራሙን።»

ቀና ብዬ አየሁት። ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ነበር። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረብኝ። ላመሰግነው ይሁን ልሰድበው አላወቅሁም፤ ጣቴን ግሪሱ ውስጥ ነከርኩ።

ፒስተኗን እየቀባሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት። እጄን በጨርቅ ጠርጌ አነሳሁት።

«ደህና ናቸው አክስቴ» አልኳት። «ሁለቱም ባይሽ ናቸው፣ ከከብቱ ጋር። እዚያ ኔትወርክ የለም።»