የድንጉላው ክርክር

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ የጋሪ ፈረስ አጠገቤ ቆሞ፣ የላቡ ሽታ ከእርጥብ ጭድ ጋር አፍንጫዬ ሲገባ፣ ሌላው ሰው ልጅነቱ ትዝ ብሎት ደስ ይለው ይሆናል። እኔን ያናድደኛል። ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ንዴቴ አልበረደም።

ያኔ የምንኖረው ዲማ አካባቢ ነው። ባዝራችን የወለደችውን ወንድ ውርንጭላ ያሳደገው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ሣር እያጨደ፣ መዥገሩን በእጁ እየለቀመ። አባቴም በሰው ፊት «ድንጉላ ሲሆን ያንተ ነው» ብሎ ቃል ገባለት። እኛ ዘንድ ድንጉላ የሚባለው ለኮርቻ የደረሰ፣ ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ነው። ፈረሱ አደገ፣ አንገቱ ወፈረ፣ ባዝራ ባየ ቁጥር ችካሉን እየነቀለ አገር ያምስ ጀመር። ወንድሜ በጠየቀ ቁጥር ግን የአባቴ መልስ አንድ ነው፤ «ገና ውርንጭላ ነው።» ኧረ የምን ውርንጭላ! ጎረቤቱ ሁሉ ባዝራውን የሚደብቅበት ውርንጭላ የት አገር አለ?

በመጨረሻ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቅኔ መምህሩ የኔታና ፈረስ ነጋዴው አጎታችን ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። ፈረሱም እዚያው ታስሮ ነበር። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በቅድሚያ ቃሉን እንመርምር» አሉ። አለቀልን! ድንጉላ ከድንግል የወጣ ነው፣ ያልተነካ ማለት ነው ብለው ግሱን እያረቡ ወረዱ። ለአጎቴ ግን አልተዋጠለትም።

«የለም የኔታ፣ በሱዳን በኩል ዶንጎላ የሚባል አገር አለ። ትልልቁ ፈረስ ድሮ ከዚያ ነበር የሚመጣው፤ ስሙም የአገሩ ነው።»

«ታዲያ አገሩስ ስሙን ከየት አመጣው?» አሉ የኔታ።

ጠላ ተቀዳ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ የወንድሜ ጉዳይ ተረሳ። እሱም ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና የቃሉን ነገር ይተዉት። የፈረስ ዕድሜ ጥርሱ ላይ ነው፤ አፉን ከፍተው ይዩልኝ» አላቸው።

«ልጄ፣ ሥሩ ያልታወቀ ነገር አይፈረድበትም» አሉት።

አባቴም ከጎናቸው ተቀምጦ በጭራሮ መሬቱን ይጭራል። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ፈረሱ ከእነሱ ዐሥር እርምጃ አይርቅም፣ አንዳቸውም ተነሥተው አላዩትም። ፍርዱ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

ወንድሜ እሑዱን አልጠበቀም። ሐሙስ በእግሩ ጉንደ ወይን ሄዶ ሚኒባስ ተሳፈረ። ወደ መተማ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ነው አሉን። ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለ።

ከዓመታት በኋላ፣ አባቴ ዐይኑ ደክሞ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ዛሬስ አልምረውም ብዬ ሄድኩ።

«አባዬ፣ ያን ፈረስ ብትሰጠው ምን ነበረበት?»

ፊቱን ወደ ድምፄ መለሰ።

«ልጄ፣ ፈረስ ያለው ጎረምሳ ቤት ይቀመጣል?» አለኝ። «ከሰጠሁት ይሄድብኛል ብዬ ነዋ።»

በእሱ ላይ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ቁጣ ያን ቀን የት እንደገባ አላውቅም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክዬለት አጠገቡ ተቀመጥኩ።